ስለ አንቲቦዲ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ፦ ሰውነት ባዕዱን በምን ያውቃል፣ የላብራቶሪ ወረቀቱስ ምን እያለ ነው?

ጅማ ውስጥ ላብራቶሪ ነው የምሰራው፣ ደም እቀዳለሁ እመረምራለሁ። ሰው ውጤቱን ይዞ ሲወጣ በር ላይ የሚጠይቀኝ ነገር በአብዛኛው ያው ነው፣ ባጃጅ ውስጥም ያው፣ ጎረቤት ቡና ላይም ያው፣ ስለዚህ አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ከሁሉም በላይ እንዲያዝልኝ የምፈልገው ነገር አንቲቦዲ ማለት ሰውነታችሁ ለበሽታው የሰጠው መልስ ነው እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ይሄን ሁለቱን ባለመለየት ያልያዘውን በሽታ መድሃኒት የሚውጥ ስንት ሰው አይቻለሁ።

ሰውነት "ይሄ የኔ ነው፣ ይሄ ባዕድ ነው" ብሎ የሚለየው በምንድነው? አይን የለው ምን የለው

በመዳሰስ ነው። ነጭ የደም ሴሎቻችን ላያቸው ላይ ሪሴፕተር የሚባሉ ነገሮች አሏቸው፣ እነሱ ያገኙትን ሁሉ እየነኩ ቅርጹ ይገጥማል አይገጥምም ብለው ነው የሚለዩት። ይሄ ስራ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ የሚደርሱት ሴሎች የጀርሙን ስም አያውቁም፣ ግን ብዙ ባክቴሪያ የሚጋራቸው የሰው ሴል ላይ ግን በፍጹም የማይገኙ ነገሮች አሉ፣ ለምሳሌ አንዳንድ ባክቴሪያ ውጪውን የሚሸፍንበት ቅባትና ስኳር የተያያዘበት ሽፋን፣ ወይ ደግሞ የሚዋኝበት ጅራት። እነዚህን ሲነኩ ወዲያው ይውጣሉ ያቃጥላሉ፣ ቁስል ዙሪያው የሚቀላውና የሚያብጠው፣ ትኩሳትም የሚመጣው በነሱ ነው። ይሄን መንገድ ያገኙት ቦይትለርና ሆፍማን በ2011 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ኖቤል ተሸልመዋል፣ ከነሱ ጋር የተሸለመው ስታይንማን ደግሞ የጀርሙን ቁራጭ ተሸክሞ ወደ ዕጢ የሚወስደውን ሴል ያገኘ ሰው ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ጀርሙን በስሙ የሚያውቀው ነው፣ ቢ ሴልና ቲ ሴል ይባላሉ። አንቲቦዲ የሚመጣው ከቢ ሴል ነው። ሰውነት የሚያውቀው ያ የጀርሙ ክፍል ደግሞ አንቲጅን ይባላል። እነዚህን ሁለት ቃላት አታምታቷቸው፣ ወደ በኋላ ወረቀቱ ላይ ስንደርስ በጣም ትፈልጓቸዋላችሁ።

አንቲቦዲ ምን ይመስላል?

ባላ። ገጠር ቤት ሲሰራ የሚተከለውን ባለሁለት ጣት እንጨት አስቡ፣ በቃ እሱን ነው የሚመስለው። ሁለቱ ጣቶች ጫፋቸው ላይ አንቲጅኑን ይይዛሉ፣ ግንዱ ደግሞ ለሌሎች ሴሎች "ኑ ይሄን ብሉት" የሚል መያዣ ነው። ይሄን አሰራሩን የፈቱት ኤደልማንና ፖርተር የሚባሉ ሰዎች ናቸው፣ በ1972 ኖቤል ተሸልመውበታል። አምስት አይነት አለው፣ ሁሉንም መሸምደድ አያስፈልግም ግን ሁለቱን ያዙልኝ፣ አይጂኤም መጀመሪያ የሚወጣው ነው፣ አምስት ባላ አንድ ላይ ታስሮ አስር ጣት ያለው ትልቅ ነገር፣ አይጂጂ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ነጠላውና ከእናት ወደ ፅንስ መሻገር የሚችለው ነው።

ሰውነቴ አይቶት የማያውቀውን ጀርም እንዴት ልኩን ይሰራለታል?

ከሁሉም ጥያቄ ይሄን ነው የምወደው። ብዙ ሰው የሚመስለው ጀርሙ ሲገባ ሰውነት እንደ ልብስ ሰፊ ሜትሩን አውጥቶ ለክቶ በልኩ የሚሰፋ ነው። አይደለም። ሰውነት እንደ ቦንዳ ልብስ ቤት ነው፣ ደንበኛው ሳይመጣ በፊት ሁሉም ሳይዝ፣ ማንም አይለብሰውም የምትለው ሳይቀር ተሰቅሎ ይጠብቃል። እያንዳንዱ ቢ ሴል መቅኒ ውስጥ ሲሰራ የራሱን አንድ አይነት ቅርጽ ይዞ ይወጣል፣ በቢሊዮን የሚቆጠር የተለያየ ቅርጽ በደማችን ይዞራል፣ አብዛኛው የሚገጥመውን ሳያገኝ ይሞታል። ጀርም ሲገባ ከነዛ ውስጥ ልክ የሆነለት ሴል ይነቃል፣ ይባዛል። በርኔት የሚባለው አውስትራሊያዊ በ1957 ነው ይሄን ሀሳብ ያቀረበው።

እዚህ ጋ ጎበዝ ተማሪ ይጠይቃል፣ የሰው ጂን ጠቅላላ 20 ሺህ አካባቢ ነው፣ ቢሊዮን አይነት አንቲቦዲ ከየት መጣ? መልሱን ያገኘው ጃፓናዊው ሱሱሙ ቶኔጋዋ ነው፣ በ1987 የህክምና ኖቤልን ብቻውን ወሰደበት። ቢ ሴሎች የራሳቸውን ዲኤንኤ ይቆርጣሉ፣ ከተለያዩ ቁርጥራጮች አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ እያነሱ ያጋጥማሉ፣ ስለዚህ ሁለት ቢ ሴል በአብዛኛው አይመሳሰልም። ዲኤንኤ የማይነካ ነገር ነው እያልን ተምረን እዚህ ጋ ሴሉ ራሱ በመቀስ ሲቆርጠው ስሰማ ኮሌጅ እያለሁ ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ልብስ ሰፊው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የተመረጠው ሴል ሲባዛ አንቲቦዲው ላይ ትንንሽ ለውጥ እየተደረገ፣ ይበልጥ አጥብቆ የያዘው ብቻ እንዲቀጥል ይደረጋል፣ ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት ያለው አንቲቦዲ በመጀመሪያው ሳምንት ከነበረው ይበልጥ ልክ ነው።

ሁሉም ቅርጽ ካለ ታዲያ የራሳችንን ሥጋ የሚነክሱስ የሉም?

አሉ፣ ግን ይለቀማሉ። ጅማ የኖረ ሰው የቡና ለቀማ ያውቃል፣ ሴቶቹ ፊታቸው የተዘረጋውን ቡና በጣታቸው እየገፉ ጥቁሩን፣ የተነቀዘውን፣ የተሰበረውን እያወጡ ይጥላሉ። ቲ ሴልም ደረት ውስጥ ታይመስ የሚባል ዕጢ አለ፣ እዚያ ገብቶ ይለቀማል፣ የራስን አካል አጥብቆ የሚይዘው ይጣላል፣ ጭራሽ ምንም መያዝ የማይችለውም ይጣላል፣ አልፎ የሚወጣው በጣም ጥቂቱ ነው። ቢ ሴል ላይም መቅኒ ውስጥ ተመሳሳይ ስራ አለ። ከለቀማው ያመለጠ ሲኖር ነው ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ የሚመጣው፣ ልጆችን የሚይዘው ኢንሱሊን የሚያስፈልገው ስኳር በአብዛኛው እንደዛ ነው፣ አንዳንድ የእንቅርትና የመገጣጠሚያ በሽታም አለበት።

አንቲቦዲ ለማውጣት ስንት ቀን ይፈጃል?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሳምንት አካባቢ፣ በደንብ እስኪበዛ ሁለት ሳምንት። የሚዘገየው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ቢ ሴል ብቻውን አይወስንም። የያዘውን ጀርም ውጦ ቁራሹን ላዩ ላይ አውጥቶ ያሳያል፣ ያንኑ ጀርም የሚያውቅ ረዳት ቲ ሴል መጥቶ "አዎ እኔም አይቼዋለሁ" ብሎ ካልመሰከረለት አብዛኛውን ጊዜ አይቀጥልም። ምስክሩ ከተገኘ ቢ ሴሉ ፕላዝማ ሴል ወደሚባል ፋብሪካ ይለወጣል፣ አንዱ ሴል በሰከንድ ወደ 2000 አንቲቦዲ ይረጫል፣ በሰከንድ ነው ያልኩት። ኤችአይቪ ለምን ክፉ እንደሆነ የሚገባችሁ እዚህ ጋ ነው፣ የሚገድለው ያንን ምስክር ነው፣ ሲዲ ፎር የምንለው እሱ ነው።

እግሬን እሾህ ወግቶኝ ብሽሽቴ ላይ ለምን ንፍፊት ይወጣል?

የእግሩ ጀርም ተይዞ የሚመጣበት ዕጢ ያለው ብሽሽት ላይ ስለሆነ ነው። ከላይ ያልኩት ምርጫ፣ ምስክርነት፣ መባዛት ሁሉ የሚካሄደው እዚያ ውስጥ ነው፣ ሴሉ ሲበዛ ዕጢው ያብጣል። እጅ ከሆነ ብብት፣ ጉሮሮ ከሆነ አንገት። አብዛኛው በራሱ ይጠፋል፣ ሳምንታት አልፈው የማይቀንስ፣ እያደገ የሚሄድ፣ ወይ ክብደት እየቀነሳችሁ ከሆነ ግን መታየት አለበት።

ኩፍኝ አንዴ ከያዘ አይደግምም፣ ጉንፋንና ወባ ግን ለምን ይመላለሳሉ?

ኩፍኝ ላይ የሚገርም ታሪክ አለ። በ1846 ፋሮ የሚባሉ ደሴቶች ላይ ኩፍኝ ገባ፣ ፓኑም የሚባል የዴንማርክ ወጣት ሀኪም ተልኮ ሲያይ አብዛኛው ህዝብ ታሟል፣ ከሽማግሌዎቹ ውስጥ ግን ያልታመሙ አሉ፣ ሲጠይቅ በ1781 ኩፍኝ የያዛቸው ናቸው። 65 ዓመት ሙሉ በመሃል ኩፍኝ ሳይመጣ ሰውነታቸው አልረሳም። ይሄ የሚሆነው ማስታወሻ ሴሎች ስለሚቀሩ ነው፣ መቅኒ ውስጥም ለዓመታት አንቲቦዲ የሚረጩ ፕላዝማ ሴሎች ይቀመጣሉ።

ጉንፋን ግን አንድ በሽታ አይደለም፣ ጉንፋን የሚያስይዙ ቫይረሶች ከ100 በላይ አይነት ናቸው፣ አንዱን ብትለምድ ሌላው ይመጣል። ወባ ደግሞ ልብስ ይቀይራል። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ አይነት የደም ሴላችን ላይ የሚያወጣው መለያ አለ፣ ለሱ የሚሆን 60 አካባቢ ጂን አለው፣ ሰውነት ለአንዱ አንቲቦዲ ሲያወጣ እሱ ሌላውን ይለብሳል። ጊቤ አካባቢ ቆላው ላይ ያደገ ሰው ደጋግሞ ስለያዘው ሲታመም ቀለል ሊለው ይችላል፣ ያ አቅም ግን ሙሉ አይደለም፣ ወባ የሌለበት አገር ብዙ ቆይቶ ሲመለስ ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ "እኔ ለምጄዋለሁ" ብላችሁ አጎበር አትተዉ።

ዊዳል ፖዘቲቭ ነው ተባልኩ፣ ታይፎይድ አለብኝ ማለት ነው?

በዚህ ነገር ልቤ ስለሚቃጠል ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ዊዳል የምንሰራው እንዲህ ነው። ደማችሁን እናዞርና ላዩ ላይ የሚቀረውን ቢጫ ውሃ፣ ሴረም ነው፣ ስላይድ ላይ ጠብ እናደርጋለን። አጠገቡ የሞተና ቀለም የተቀባ የታይፎይድ ባክቴሪያ ጠብ እናደርጋለን፣ እናማስላለን፣ ስላይዱን ወዲያ ወዲህ እያልን አንድ ደቂቃ ያህል እናያለን። አንቲቦዲ ካለ ያ ለስላሳ የነበረው ፈሳሽ እንደተበጣጠሰ ወተት ፍርፍር ይላል፣ በአይናችሁ ታዩታላችሁ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ባላ በአንዱ ጣት አንድ ባክቴሪያ በሌላው ጣት ሌላ ባክቴሪያ ይዞ ያያይዛቸዋል። ወረቀቱ ላይ "ኦ" እና "ኤች" የሚለውም ሌላ አይደለም፣ ኦ የባክቴሪያው ካፖርት ነው፣ ኤች ጅራቱ ነው።

አሁን አስተውሉ፣ ባክቴሪያውን ያመጣነው እኛ ነን፣ ከጠርሙስ። ከእናንተ የተወሰደው አንቲቦዲው ብቻ ነው። ስለዚህ ፍርፍር ማለቱ የሚነግረን ሰውነታችሁ ይሄን ወይም ይሄን የሚመስል ነገር አንድ ጊዜ አይቶ ያውቃል ነው። መቼ የሚለውን አይነግርም። አምና ሊሆን ይችላል፣ የታይፎይድ ክትባት ሊሆን ይችላል፣ የባክቴሪያው ዘመድ ሊሆን ይችላል፣ ወባ የያዘው ሰው ላይ እንኳን ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ዊዳል የተጀመረው በ1896 ነው፣ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር፣ ዛሬ ግን አንድ ጊዜ ተሰርቶ ብቻውን የሚፈርድ ምርመራ አይደለም። ትክክለኛው ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አሳድጎ ማየት ነው፣ ብለድ ካልቸር ይባላል፣ ቢያንስ ሀኪሙ ምልክታችሁን፣ ትኩሳቱ የቆየበትን ቀን ሁሉ አይቶ ነው መወሰን ያለበት።

የታይፈሱም ያው ነው፣ ዌል ፊሊክስ ይባላል፣ በ1916 የወጣ። እሱ እንደውም የታይፈሱን ጀርም አይጠቀምም፣ ፕሮቲየስ የሚባል ምንም የማይገናኝ ባክቴሪያ ነው፣ ላዩ ላይ ያለው ቅርጽ ስለሚመሳሰል ብቻ አንቲቦዲው ይይዘዋል። ፕሮቲየስ ራሱ ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚያመጣ ባክቴሪያ ነው፣ እሱ ይዟችሁ ቢሆንስ?

ጎረቤቴ የሆኑ እናት አሉ፣ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ታይፎይድ ተብለው ሦስት ጊዜ መድሃኒት ወስደዋል፣ አንድ ክሊኒክ ያችን ወረቀት ብቻ እያየ ነው የሚያዝላቸው። "ልጄ ይሄ ታይፎይድ ደሜ ውስጥ ገብቶ ቀረ" ይሉኛል። እማማ በሽታው ሳይሆን ትዝታው ነው የቀረው፣ ድካምዎት ከምን እንደሆነ ይታይ ብያቸው ደም ማነስ ሆኖ ተገኘ። ያ ሁሉ አንቲባዮቲክ ለምንም አልጠቀማቸውም፣ በሆዳቸው ያሉትን ባክቴሪያ መድሃኒት ከማለማመድ በቀር።

ኤች ፓይሎሪና የጉበቱስ?

የኤች ፓይሎሪ የደም ምርመራ የሚፈልገው አንቲቦዲ ነው፣ መድሃኒቱን ጨርሳችሁ ድናችሁም ለወራት፣ ለዓመታትም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። መዳን አለመዳናችሁን ለማየት የሰገራ አንቲጅን ነው የሚሻለው። የጉበት ቢ ላይ ተቃራኒውን ተጠንቀቁ፣ "ሰርፌስ አንቲጅን" ፖዘቲቭ ካለ ቫይረሱ ራሱ አለ ማለት ነው፣ "ሰርፌስ አንቲቦዲ" ፖዘቲቭ ካለ ግን ክትባቱ ሰርቶላችኋል ወይ ድናችኋል ማለት ነው፣ ደስ የሚል ዜና ነው። አንድ ፊደል ሳትለዩ ቀርታችሁ ቤታችሁ ውስጥ ለቅሶ እንዳይገባ።

ኤችአይቪ ተመርምሬ ነጌቲቭ ነኝ፣ ለምን ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ አሉኝ?

ጣት ተወግቶ የሚሰራው ምርመራ በዋናነት አንቲቦዲ ስለሚፈልግ፣ አንቲቦዲ ደግሞ ጊዜ ስለሚወስድ። በቅርብ ተይዞ ከሆነ ቫይረሱ አለ መልሱ ግን ገና ነው። ሕፃን ላይ ደግሞ ተገላቢጦሹ ይመጣል፣ እናቱ ኤችአይቪ ካለባት አንቲቦዲዋ ወደሱ ስለሚሻገር ልጁ ሳይያዝ ምርመራው ፖዘቲቭ ሊል ይችላል፣ የእናት አንቲቦዲ ጨርሶ እስኪጠፋ እስከ 18 ወር ይሄዳል። ስለዚህ ለጨቅላ ፒሲአር ነው የሚሰራው፣ እሱ ቫይረሱን ራሱን ይፈልጋል። የልጃችሁን የመጀመሪያ ወረቀት አይታችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

ሾተላይ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ሙሉ በሙሉ የአንቲቦዲ ነገር ነው። እናት የደሟ አይነት አርኤች ነጌቲቭ ሆኖ ፅንሱ ከአባቱ ፖዘቲቭ ሲወርስ፣ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደሷ ትንሽ ይገባል። ሰውነቷ ያንን ደም ባዕድ ነው ብሎ ያውቀዋል፣ አንቲቦዲ ያወጣል፣ ያስታውሳል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም፣ ምክንያቱም ተወልዷል። ቀጣዩ ፅንስ ላይ ግን ያ አይጂጂ በእንግዴ ልጅ በኩል ተሻግሮ የልጁን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ድሮ እናቶች አንዱን ወልደው ሌሎቹ ሲሞቱባቸው መንፈስ ነው፣ እርግማን ነው እየተባለ ነበር፣ እነሱ ራሳቸው በራሳቸው እያዘኑ ኖሩ። ይሄ የሴትየዋ ጥፋት አይደለም፣ ሰውነቷ የሚገባውን ስራ እየሰራ ነው።

መከላከያው አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ነው፣ እሱም ራሱ አንቲቦዲ ነው፣ የገባውን የልጁን ደም እናት ሳታውቀው በፊት ያጸዳዋል። በ28 ሳምንት እርግዝና እና ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፣ ፅንስ ከወረደም ያስፈልጋል። ሰውነቷ ቀድሞ አንቲቦዲውን ካወጣ በኋላ ግን መርፌው አይመልሰውም። እርጉዝ ከሆናችሁ በመጀመሪያው ክትትል የደም አይነታችሁን ጠይቁ፣ አትፈሩ፣ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ስራ ነው።

የኩፍኝ ክትባት ለምን 9 ወር ይጠበቃል? እንደተወለደ ለምን አይሰጥም?

ከእናቱ የወረሰው አንቲቦዲ ክትባቱን ይዞ ያጠፋዋል፣ ልጁ ራሱ ሳይማር ይቀራል። ወደ 9 ወር አካባቢ የእናቱ ሲቀንስ የመጀመሪያው፣ በ15 ወር ሁለተኛው ይሰጣል። በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንት የሚደጋገመው ሌላው ክትባት ደግሞ በየዙሩ አንቲቦዲው እንዲበዛና ይበልጥ ልክ እንዲሆን ነው፣ ሁለቱን ወስዶ ሦስተኛውን መተው ስራውን ግማሽ ላይ ማቆም ነው። መንጋጋ ቆልፍ ላይ እንደውም በሽታው ይዞህ ብትድን እንኳን ሰውነትህ አይማርም፣ መርዙ በጣም በትንሹ ስለሚገድል ለማስተማር አይበቃም፣ ክትባቱ ግን ያስተምራል። ፈንጣጣ በ1976 ከኢትዮጵያ የጠፋው፣ በ1980 ከዓለም ጠፋ የተባለው በዚሁ መንገድ ነው።

እንገሩን ደግሞ አትጣሉት። ወፈር ያለው ቢጫው የመጀመሪያ የጡት ወተት አንቲቦዲ የሞላበት ነው፣ የሕፃኑን አንጀት ይሸፍንለታል። ያንን አልባችሁ ጥላችሁ ቅቤ ማዋጥ ያለውን ጋሻ ነጥቆ ጀርም መስጠት ነው።

ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ማር ኢሚዩኒቲ ይጨምራል?

ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ጠጡት፣ እኔም እጠጣለሁ። አንቲቦዲ ግን ፕሮቲን ነው፣ የሚሰራው ከምትበሉት ነው፣ ምስርም እንቁላልም ሽሮም ይሁን። የተጎሳቆለ ልጅ ክትባት ተከትቦም መልሱ ሊደክም ይችላል። ለሰውነት የአንድን ጀርም ቅርጽ የሚያስተምር ቅጠል ግን የለም።

ውሻ ነክሶኝ ከአንድ በላይ አይነት መርፌ አዘዙልኝ፣ ለምን?

አንዱ ክትባት ነው፣ ሰውነታችሁ ራሱ አንቲቦዲ እንዲሰራ፣ ያ ደግሞ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ሌላው ተሰርቶ ያለቀ አንቲቦዲ ነው፣ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያው ይወጋል፣ የራሳችሁ እስኪደርስ ቦታውን ይይዛል። ይሄ ተውሶ የመጠቀም ሀሳብ የመጣው ከቤሪንግና ኪታሳቶ ነው፣ በ1890፣ ቤሪንግ በ1901 የመጀመሪያውን የህክምና ኖቤል አግኝቶበታል። የተውሶው በወራት ውስጥ ያልቃል፣ ማስታወሻም አይተውም፣ ስለዚህ የክትባቱን ቀጠሮ አታሳልፉ። የእብድ ውሻ ቫይረስ በነርቭ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ነው ከተነከሱ በኋላ መከተብ የሚያዋጣው፣ ምልክቱ ከጀመረ ግን አይመለስም። ከቤት ሳትወጡ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት፣ ከዛ በዛው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ውሻው የጎረቤት ነው፣ ጤነኛ ይመስላል እያላችሁ አታሳድሩ።